የአያ ደሴ መርዶ

«ብርቱካን ሸጋ ናት፤ ብቻ አፏን ባትከፍተው» ይላል ሰፈሩ ስለ እኔ። ይበል! አፌን የከፈትሁበትን ቀን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የምሠራው ሆስፒታል ነው፣ መድኃኒት ክፍል። ኅዳር ሚካኤል ባለፈ ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ ወረፋው ቀለል ሲልልኝ ኢሜይሌን ከፈትሁ። ከዶክተር ይበልጣል አዲስ መልእክት መጥቷል። ዶክተር ይበልጣል የአጥንት ሐኪም ነው፤ ጎረቤቴም ነው፤ የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነው። የተማረ፣ ረጋ ያለ፣ ታካሚ ሲሰድበው እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። መልእክቱን የላከው ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃው ለሁሉም ሠራተኛ ነው።

«አስቸኳይ! ሳያነቡ እንዳያልፉ!» ይላል፣ በቀይ ቀለም። «የሰላም አባት የነበሩት አቶ ደሴ ለእርቅ በሄዱበት ጭልጋ በግፍ ተገደሉ! ሬሳቸው እንዳይገኝ ተደርጓል! መርቶ ለገዳዮቹ የሰጣቸው እዚሁ ከመካከላችን ወፍጮ ቤት ከፍቶ፣ በአበልጅነት ስም ከማዕዳቸው ሲቆርስ የኖረው ከሃዲ ነው! ይህን መልእክት ለአሥራ አምስት ወገንዎ ያስተላልፉ። ያላስተላለፈ የወገኑን ደም እንደ ሸጠ ይቆጠር!» ከሥሩ ፎቶ አለ። አያ ደሴ መሬት ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ዓይናቸው ተከድኗል፤ ነጠላቸው ከላያቸው ላይ ተዘርግቷል።

ወይኔ አያ ደሴ! ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ወሰን ቢገፋ፣ ወንድማማች በውርስ ቢካሰስ፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሳምንት ጭልጋ የሄዱትም ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦችን ሊያስታርቁ ነበር።

ከሃዲ የተባለው ደግሞ ስሙ አልተጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገውም። በሰፈራችን ወፍጮ ቤት ያለው የአያ ደሴ አበልጅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አዳሙ። አዳሙ የጭልጋ ልጅ ነው። እናቱ ልትጠይቀው ስትመጣ አማርኛዋ መሀል ቅማንትኛ ጣል ታደርጋለች፤ እኛም እንስቃለን፣ እሷም ትስቃለች። የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሡት አያ ደሴ ናቸው። ከኮላ ድባ የሚመጣው ጤፋችን በሙሉ በእሱ ወፍጮ ነው የሚያልፈው። እንግዲህ ያንን ሰው ነው ገዳይ ያሉት፤ ሚስቱና ልጆቹ ከወፍጮው ጀርባ ባለችው ቤት እየኖሩ።

መጀመሪያ አለቀስሁ። ከዚያ ዓይኔን ጠራርጌ ፎቶውን እንደገና አየሁት። ኧረ በስመ አብ! የአያ ደሴ ግንባር ላይ ዘንባባ ታስሯል። ዘንባባ! በኅዳር! ከጀርባቸው ያለው የድንጋይ አጥርም የእኛው ደብር አጥር ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ባለፈው ስቅለት የሆሳዕናውን ዘንባባ ሳይፈቱ ሲሰግዱ ውለው ወገባቸው ሲከዳቸው ከአጥሩ ሥር ጋደም አሉና እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። አንዱ ጎረምሳ በስልኩ አነሣቸው። ፎቶው ሰፈር ለሰፈር ሲዞር እሳቸው ራሳቸው ስቀውበታል። አሁን ያንን የእንቅልፍ ፎቶ ነው ሬሳ ያደረጉት።

ሐዘኔ ወደ ቁጣ ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ለሁሉም መልስ የሚለውን ተጫንሁና ጻፍሁ፦ «ዶክተር፣ ሬሳው ካልተገኘ ፎቶውን ማን አነሣው? ሰይጣን? ግንባራቸው ላይ ያለው ዘንባባስ? በኅዳር ሆሳዕና አለ ወይ? አጥሩስ የደብራችን አጥር አይደለም ወይ? አንተ እዚያው ነበርህ፤ አብረኸን ስቀሃል። ይህን የበሬ ወለደ ወሬ የላከ ሁሉ ይቅርታ ይጠይቅ።»

የመጣልኝን መልስ ብትሰሙ! አንዱ «ለምን ትከላከይለታለሽ?» አለ። አንዷ «ፎቶው የድሮ ቢሆን ሞታቸው የድሮ ይሆናል ወይ?» አለች። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ «ለመሆኑ ትውልድሽ ከየት ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። እንፍራንዝ ነው፣ እትብቴን ቆፍረህ አውጣው አልሁት።

ቢሮው ድረስ ሄድሁ። ዶክተሩ ዓይኑ ቀልቶ ተቀምጧል።

«ማን ነው የላከልህ?» አልሁት።

«ታማኝ ምንጭ ነው።»

«ታማኙ ምንጭ ስም የለውም?»

«አብሮኝ የተማረ ነው።»

«ለእሱስ ማን ላከለት?»

መነጽሩን እየጠረገ «ብርቱካን፣ እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም» አለኝ።

«እሳቱን የምትለኩሰው አንተ ነህ እኮ!»

«ስልካቸው ከሄዱ ጀምሮ ዝግ ነው። እኔ ራሴ ደጋግሜ ሞክሬያለሁ።»

«ስልኩ የተዘጋ ሁሉ ከሞተማ ጎንደር ውስጥ አንድም ሰው በሕይወት ባልተገኘ ነበር! እትዬ አዜብን ጠየቅኻቸው?»

እትዬ አዜብ የአያ ደሴ ባለቤት ናቸው። ዶክተሩ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «አብደሻል? መርዶ ሳይነገራቸው?»

እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡት። በእኛ አገር የሞት ወሬ መጨረሻ የሚደርሰው ከባለቤቱ ዘንድ ነው። ዘመድ ይሰባሰባል፣ እድር ይሰማል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፤ በማለዳ ደጅ ላይ ተቁሞ መርዶው እስኪነገር ድረስ ለቤተሰቡ ትንፍሽ አይባልም። ትንፍሽ ያለ ነውረኛ ነው። ልማዱ ሸጋ ነው፤ ሰው ሐዘኑን ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ግን በዚያ ቀን ምን ሆነ? ከተማው የአያ ደሴን ሞት እየተቀባበለ ሲያለቅስ፣ ባሏ ይኑር ይሙት በቅጡ የምታውቀውን አንዲት ሴት የጠየቀ አልነበረም። የተማረውም ያልተማረውም በአንድነት ለእሷ ብሎ ዝም አለ።

ከሰዓት በኋላ እድሩ ተጠራ። የእድሩ ንብረት ኀላፊ እኔ ነኝ፤ የድንኳኑ፣ የአግዳሚው፣ የድስቱ መጋዘን ቁልፍ በእጄ ነው። ግቢው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰብሳቢያችን አያ በላቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«መርዶው ነገ ንጋት ላይ ይነገራል» አሉ። «ድንኳኑ ከወዲሁ ይውጣና ይዘጋጅ። የዚህ ወር ተረኛ ማን ነበር?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት ሴት ቀስ ብላ «አዳሙ ነው» አለች።

«እሱንማ እኛ እንጠራዋለን» አለ ጌቾ። ጌቾ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ የሚከተለው እሱን ነው። «መርዶው ይነገር፤ ከድንኳኑ ተነሥተን በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ነው። ክብሪቱ ከእኔ።»

አንድም ሽማግሌ ተው አላለም። ይሄ ነው ያቃጠለኝ! ጌቾ ልጅ ነው፣ ደሙ ይፈላል፤ እነዚያ ሽበታሞች ግን መሬት መሬት አዩ። አያ በላቸው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ልጄ፣ ቁልፉን።»

«አልሰጥም» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«አልሰጥም። ‘ሰው ማመን ቀብሮ ነው’ ይላል ያገሬ ሰው። እስኪ መጀመሪያ ቅበሩ! ሬሳ የለ፣ አየሁ ያለ የለ፣ ከጭልጋ የመጣ መልእክተኛ የለ። የእንቅልፍ ፎቶ ይዛችሁ ድንኳን ትተክላላችሁ?»

«እድሩን አታዋርጂ» አሉ አያ በላቸው።

«እድሩን ያዋረደው በኢሜይል የሚያለቅስ ነው! እኔ እትዬ አዜብን ሄጄ እጠይቃለሁ።»

ግቢው ተናወጠ። «ጨካኝ!» አለች አንዷ። «ሆዷ ቢፈነዳ ኀጢአቱ ያንቺ ነው» አለች ሌላዋ። «ሰው መርዶ በመሸ ይነግራል?» አለ ከኋላ አንዱ። ጌቾም «ሂጂ! እኛ መጋዘኑን በድንጋይም እንከፍተዋለን» ብሎ ሳቀ።

ሄድሁ። አትሳሳቱ፣ ጀግና ሆኜ አይደለም። እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ያቺን የመሰለች ሴት ያለ ዘመድ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ብቻዋን በደጃፏ ላይ ባሏን የገደልሁባት እኔ ልሆን ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም ደጄን አይረግጥም፤ እኔም ራሴን ይቅር አልልም። ግን ዝም ብልስ? አዳሙ ነገ ልጆቹን ይዞ ሊቃጠል ነው። ከሁለቱ የትኛውን ልፍራ? እንዲህ እያልሁ ከደጃፉ ደረስሁ።

እትዬ አዜብ ውጭ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩኝ ሰፌዱን ገፋ አደረጉት።

«መጣሽ?» አሉኝ። «ጠብቄሽ ነበር። በይ ንገሪኝ።»

«ምኑን?» አልሁ።

«የደሜን ውጤት ነዋ! ባለፈው ሐኪም ቤታችሁ ደም ሰጥቼ አልነበር? ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ሙት ያየኛል። ጎረቤቴ ዝማሬ መንገድ ላይ ጉልበቴን ስማ እያለቀሰች ሄደች። ባለሱቁ ወልደ ዮሐንስ ስኳር ብገዛው ብር አልቀበልም አለኝ፤ እሱ እኮ ለእናቱም ዱቤ አይሰጥ! ልሞት ነው አይደል? እኔ አልፈራም፤ ደፍረሽ ንገሪኝ።»

ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝሁ።

«እትዬ አዜብ፣ እርስዎ ምንም አልሆኑም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከአያ ደሴ ጋር መቼ ነው የተነጋገራችሁት?»

«ከደሴ? ዛሬ ቀትር ላይ ነዋ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። ምነው? ከውጭ እየደወለ ነገር የሚያጋግል ቢበዛባቸው ሽማግሌዎቹ የሁሉንም ስልክ በአንድ አገልግል ሰብስበው ለቄሱ አስረከቡ አሉ፤ እርቁ እስኪያልቅ አይነካም ብለው። ዛሬ ቄሱ ኔትወርክ ካለበት ኮረብታ ሲወጡ አብሯቸው ወጥቶ በእሳቸው ስልክ ደወለልኝ። የግፊት መድኃኒቱን ረስቶት ሄዶ ራሱን እያዞረው ነው። ‘ለብርቱካን ንገሪያት፣ በነገው ሚኒባስ ትላክልኝ’ አለ። እኔም ወደ አንቺ ልመጣ ብወጣ ነው ሰዉ እያየኝ የሚያለቅሰው።»

እኔ ልሙት፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መድኃኒት በመታዘዙ እንደዚያ የተደሰትሁበት ቀን የለም። እልል አልሁ። እትዬ አዜብ ያበድሁ መሰላቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ኢሜይሉን፣ ፎቶውን፣ የነገውን መርዶ። መጀመሪያ ሳቁ። «ያን የስቅለቱን እንቅልፍ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። የአዳሙን ስም ስጠራ ግን ሳቃቸው ቆመ።

«ማንን ነው የሚያቃጥሉት?»

«አዳሙን።»

ነጠላቸውን ከገመዱ ላይ ሳብ አደረጉ። «ተነሺ» አሉኝ።

እድሩ ግቢ ስንደርስ የመጋዘኑ በር ተሰብሯል። የድንኳኑ ብረትና ሸራ ወጥቷል። ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሟል። ወደ መሀል ዘልቄ ሳይ አዳሙ ነው። ጋቢውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ የድንኳኑን ምሰሶ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ዓይኑ በለቅሶ አብጦ ቆሟል። እነ ጌቾ ከበውታል።

«በምን ዓይንህ መጣህ?» ይለዋል ጌቾ።

«ተረኛ ነኝ» አለ አዳሙ። «የሞተውም አበልጄ ነው። ድንኳኑን ልትከልለት። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ወሬውን ሰምቶታል ማለት ነው። ምን ሊያደርጉት እንዳሰቡም ሰምቶታል። ሰምቶ ነው የመጣው።

እትዬ አዜብ ክቡን ሰንጥቀው ገቡ። ሲታዩ ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ማን ሞተ?» አሉ እትዬ አዜብ።

ሰዉ ሁሉ ወደ አያ በላቸው ዞረ።

«በላቸው፣ አንተ ሰብሳቢ ነህ። ማን ነው የሞተው?»

አያ በላቸው ከዘራቸውን እያዩ «ነገ… በማለዳ…» ብለው ተንተባተቡ።

«ዶክተር፣ አንተ ለአገር ሁሉ ጻፍህ አሉ። ለእኔስ? በል ንገረኝ።»

ዶክተር ይበልጣል መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

«ጌቾ! አንተስ? ክብሪት ይዘሃል አሉ። ለማን ደም ነው የያዝኸው? እዚህ ዓይኔ ላይ እያየህ የሟቹን ስም ጥራልኝ!»

ጌቾ አንገቱን ደፋ።

«ጉድ ነው!» አሉ እትዬ አዜብ፣ ድምፃቸው ግቢውን ሞልቶት። «ለማቃጠል የደፈራችሁ ለመንገር ፈራችሁ? በሰው ሞት ሰው ልትገድሉ ተነሥታችሁ፣ ሞተ ለማለት አፍ አጣችሁ?»

ያን ጊዜ አዳሙ ምሰሶውን ከትከሻው አወረደ። መሬቱ ላይ ተንበረከከ።

«እትዬ አዜብ» አለ፤ «አያ ደሴ ሞተ አሉኝ። ያስገደልኸው አንተ ነህ አሉኝ። በአበልጅነቴ እምላለሁ፣ እኔ አላውቅም። ቤቴ ተቀምጬ ላለቅስ አልቻልሁም፣ መጣሁ።»

ከዚያ ሁሉ ሰው መርዶውን በአፉ የተናገረው እሱ ብቻ ነው። እትዬ አዜብ ብብቱን ይዘው አነሡት፤ ጉንጩን ሳሙት። እኔ እንባዬ እየወረደ ነበር፤ የሚያይ ይየኝ።

«ደሴ አልሞተም» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «ዛሬ ቀትር ላይ አነጋግሬዋለሁ። መድኃኒት ላኩልኝ ብሏል።»

ጉርምርምታው እንደ ዶፍ ወረደ። አንዱ አመስግኖ አማተበ፤ አንዱ ተቀመጠ። ጌቾ ግን አሁንም አልተረታም። «እትዬ፣ አሁን እኮ ድምፅ በኮምፒውተር ማስመሰል ይቻላል» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«እንዲያ? ኮምፒውተሩ ‘እኔ የለሁም ብለሽ ሽሮው ላይ ጨው እንዳታበዢ’ ብሎ ይቆጣኛል?»

አንዲት ሴት በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ሌላውም ተከተለ፤ አዳሙ እንኳ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። አያ በላቸው «በሉ እንግዲህ፣ ድንኳኑን ወደ መጋዘኑ መልሱት» አሉ፤ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው።

«አይመለስም!» አሉ እትዬ አዜብ። «ወስዳችሁ ከአዳሙ ወፍጮ ቤት ደጅ ላይ ትከሉት።»

«ኧረ ሟርት ነው! ሰው ሳይሞት?»

«ሟርቱንማ እናንተው ጀመራችሁት! ይኸ ወሬ ከዚህ ግቢ ወጥቶ ሄዷል፤ ማን ጋ እንደ ደረሰ የሚያውቅ አለ? ነገ ከሌላ ሰፈር ክብሪት ይዞ የሚመጣ ቢኖር፣ እድሩን በሙሉ ከደጁ ላይ ተቀምጦ ያግኘው። ደሴ እስኪመጣ ከዚያ አንነሣም። እምቢ ያለ እኔ ስሞት እንዳይቀብረኝ!»

ከእንዲህ ያለ ቃል ወዲያ ምን ይባላል? ተከልነው። የመጀመሪያውን ካስማ የመታው ጌቾ ነበር፤ ማንም አላዘዘውም፣ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። እኔ መድኃኒቱን በማግስቱ በሚኒባስ ላክሁ። እትዬ አዜብ ሹፌሩን አስምለው ነው የላኩት። «እዚህ ስለሆነው ትንፍሽ እንዳትልበት። ቢሰማ እርቁን ጥሎ ይመጣል» አሉት።

ዶክተር ይበልጣልንም አልለቀቅሁትም። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥሁና ስልኩን እንዲያወጣ ነገርሁት።

«ነገሩ ዝም ቢባል ይሻላል ብርቱካን፤ ራሱ ይበርዳል» አለኝ።

«ስትልከው ዝም ብለሃል? ጻፍ!»

ጻፈ። «ትናንት የላክሁት መልእክት ሐሰት ነው። አቶ ደሴ በሕይወት አሉ። ሳላጣራ ወንድሜን አዳሙን ለሞት አሳልፌ ልሰጠው ነበር። ይቅርታ እጠይቃለሁ። እባካችሁ ይህንንም ለአሥራ አምስት ሰው አስተላልፉ።» በቀይ ይሁን አልሁት፤ በቀይ አደረገው። ያስተላለፈው ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ውሸቱን ሲቀባበል የዋለ ከተማ፣ እርማቱን ሲያይ ሥራ በዛበት። ታዲያ ምን ይደረግ ብዬ ልቀመጥ? የሒሳብ ክፍሉን ሰውዬ ቢሮው ድረስ ሄጄ ጮክ ብዬ አነበብሁለት።

እትዬ አዜብ የፈሩትም አልቀረም። ድንኳኑን በተከልን ማግስት ረፋድ ላይ የማናውቃቸው ወጣቶች በአንድ ፒክአፕ መጥተው ከድንኳኑ ፊት ቆሙ። አንዱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «የጭልጋው ሰውዬ ወፍጮ ቤት የቱ ነው?» አለ።

በድንኳኑ ያለው ሰው ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ብድግ አለ። አያ በላቸው ናቸው ከፊት የወጡት። ትናንት የተንተባተቡት ሰውዬ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው «ይኸው ነው። የእኛ ወፍጮ ቤት ነው። ምን ነበር?» አሉ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ ወጣቱ፣ ድንኳኑን እያየ።

«ማንም አልሞተም። ማንም አይሞትም። የምታስፈጩት እህል ካላችሁ አውርዱ፤ ከሌላችሁ መንገዱን ልቀቁ።»

መኪናዋ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ዞራ ሄደች። እኛም ተቀመጥን። ወፍጮው ከኋላችን ይጮኻል፤ አዳሙ አንድም ቀን አልዘጋም። «ከዘጋሁ ያመንሁ ይመስላል» አለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ከጭልጋ፣ ከአይከል የመጣ ሚኒባስ ከመንገዱ ማዶ ቆመና አያ ደሴ ወረዱ። ትንሽ ቦርሳ በእጃቸው ይዘዋል። እርቁ ሠምሮላቸው ፊታቸው በርቷል። ቀና ብለው የእድሩን ድንኳን አዩ። ቀጥለው ድንኳኑ የተተከለበትን ደጅ አዩ።

እኛ እንኳን ደህና መጡ ልንል ተነሣን። ምን ያደርጋል፣ አፋችን ሳይደርስ ቦርሳቸው መሬት ወደቀ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው፣ ደረታቸውን እየደቁ መንገዱን ተሻገሩ።

«ወይኔ አበልጄ! ወይኔ አዳሙ! ወይኔ ወንድሜ! እኔ የሰው ደም ላደርቅ ሄጄ ያንተን ደም ማን አፈሰሰው!»

ሽማግሌ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ አዜብ «ደሴ! ደሴ!» እያሉ ቢጣሩም አይሰሟቸውም። የሰፈሩ አፈኛ እኔ እንኳ «አልሞተም» የምትል አንዲት ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ አለች።

አዳሙን ያወጣው የወፍጮውን ጩኸት አልፎ የሰማው ለቅሶ ነው። ከራሱ እስከ እግሩ ዱቄት ለብሶ፣ ደንግጦ፣ እየሮጠ ወጣ።

«ምነው አያ ደሴ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለ።

አያ ደሴ አዩት። አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ፊቱን ዳበሱት፣ ትከሻውን ዳበሱት፣ ተጠመጠሙበት። ሁለቱም ዱቄት በዱቄት ሆኑ። ብዙ ቆይተው ነው ወደ እኛ የዞሩት።

«ታዲያ ይኸ ድንኳን ለማን ነው?» አሉ።

ዶክተሩ ወደ አያ በላቸው አየ፤ አያ በላቸው ወደ መሬት አዩ። እትዬ አዜብ ሊናገሩ ሲሉ ጌቾ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለእርስዎ ነው፣ አያ ደሴ» አለ።

ከዚያም ምን እንደ ተባለ፣ ማን እንዳመነ፣ እሱ ራሱ ምን ሊያደርግ ተነሥቶ እንደ ነበር፣ አንድም ሳያስቀር በገዛ አፉ ነገራቸው፤ አዳሙ አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ።